መሪ ልባችንን ሲነካ፦ የሚቀሰቀሰውና የሚከለከለው ስሜት

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀው የዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ አጭር ነው፤ ጮክ ብሎ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነጋሪት እየተጎሰመ ለሕዝብ ከተነገረ ከአምስት ወር ተኩል በኋላ ግን ዓድዋ ላይ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ተሰልፎ ነበር። እርግጥ ያን ሁሉ ሰው ያሰለፈው አዋጁ ብቻ አይደለም። የጭፍራው ሥርዓት፣ የመኳንንቱ ግዴታ፣ በዓመታት የተጠራቀመው ጠመንጃ፣ የስንቁ ዝግጅት ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ግዴታ ሰውን ከቤቱ ቢያስወጣውም፣ ከረሃብ ገና ባላገገመ አገር ወራት አስጉዞ መድፍ ፊት አያቆመውም። ለዚያ ልቡ መነካት አለበት።

መሪዎች የተከታዮቻቸውን ልብ እንዴት እንደሚነኩ ማወቅ ያለብን ይኸው ችሎታ አገር እንዳዳነ ሁሉ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጨራረሰም ስለሆነ ነው። ሁለቱን መለየት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። «ንግግሩ ስሜታዊ ነው ወይስ ምክንያታዊ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ግን ብዙ አይረዳንም። ከእሱ ይልቅ መሪው የትኛውን ስሜት እንደቀሰቀሰ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛውን ስሜት እንደከለከለ መጠየቅ የበለጠ ያሳያል።

ስሜት የማሰብ ጠላት ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ የመዘገበው የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ይህን እምነት ክፉኛ ያናጋል። ሰውየው ከግንባሩ በስተጀርባ ባለው የአንጎሉ ክፍል ዕጢ በቅሎበት በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ በኋላም ቋንቋው፣ የማስታወስና የማስላት ችሎታው እንደ ነበረ ቀጠለ፤ በአእምሮ ፈተናዎችም ጥሩ ውጤት አመጣ። የደበዘዘው የስሜቱ ሕይወት ነበር። ደስታውም ጭንቀቱም ከውስጡ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መወሰን አቃተው። የትኛውን ሥራ ማስቀደም እንዳለበት መለየት ተስኖት ሥራውን አጣ፣ ገንዘቡን አጣ፣ ትዳሩ ፈረሰ። አማራጮችን አንድ በአንድ መዘርዘር ይችላል፤ የትኛው እንደሚበልጥበት የሚነግረው ግን አልነበረም። ስሜት የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፤ ከብዙ ነገሮች መካከል ለእኛ የሚገደንን ይመርጥልናል። ስለዚህ መሪ ስሜታችንን ስለነካ ብቻ አታለለን ማለት አይቻልም። እናትም፣ አስተማሪም፣ የሃይማኖት አባትም ስሜታችንን ይነካሉ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው አርስቶትል ስለዚህ ጉዳይ ያስተማረው ዛሬም የሚሠራ ነው። ሰውን ለማስቆጣት የሚፈልግ ተናጋሪ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት ይላል፤ ሰዎች በምን ሁኔታ ላይ ሲሆኑ ይቆጣሉ፣ በማን ላይ ይቆጣሉ፣ በምን ምክንያት ይቆጣሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቁጣው አይመጣም። የቁጣ ሥሩ ደግሞ መናቅ ነው። ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም «ናቁኝ» የሚል ሐሳብ ከታከለበት ይነድዳል። ፍርሃትን በተመለከተም ቅርበትን ያነሣል። ሰው ሁሉ እንደሚሞት ያውቃል፤ ሞት ቅርብ መስሎ ስለማይታየው ግን አይጨነቅም። እንግዲህ ማስፈራራት የሚፈልግ መሪ የሩቁን አደጋ ወደ ደጃፍ ማምጣት አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ አዋጁ እንመለስና ቅደም ተከተሉን እንከተል። መጀመሪያ የሚመጣው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ቀጥሎ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ራሳቸው ሞት ይናገራሉ፤ ሞት የሁሉም ነውና ስለ እኔ ሞት አላዝንም ይላሉ። ማንም እንዲሞት ከመጠየቃቸው በፊት የራሳቸውን ሕይወት መሐል ላይ አኖሩ። ከዚያ ጠላት ይመጣል፤ አገር የሚያጠፋ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ፣ የባሕሩን በር ያለፈ። ጠላቱ ያለው ባሕር ዳርቻ አካባቢና ሰሜን ነው፤ አዋጁን የሚሰማው ሰው ግን ሸዋ ነው። ርቀቱ እንዴት ይጠብባል? «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» በሚለው አነጋገር። ገበሬ ፍልፈልን ያውቃል። ዘርቶ የተወውን ማሳ ሳይታይ ከሥር ሲበላበት ኖሯል። የሰሜኑ ምሽግ በአንዲት ሐረግ የእያንዳንዱ አድማጭ ማሳ ውስጥ ገባ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚህ አነጋገር ጥቂት ቀደም ብሎ ያለው ነው። የአገሬን ሰው መድከም አይቼ፣ የከብቱን ማለቅ አይቼ እስካሁን ታገስሁ ይላሉ። ይህን የሰማው ሰው ክፉ ቀንን በዓይኑ ያየ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ ማሳው ጦም አድሮ፣ ሕዝቡ በረሃብና በወረርሽኝ አልቋል። በዚያ ወቅት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይነገራል። እንግዲህ ሐዘኑ አዲስ አልነበረም፤ ቃላቸውም ከባዶ ቦታ አልመጣም። መሪ ሕዝቡ አስቀድሞ በውስጡ የያዘውን ሐዘን አይቶ ሲናገር አድማጩ «አየኝ» ይላል። ያልታየ ሰው ለጥሪ አይነሣም። ብዙ መሪዎች በዚህ ይሳሳታሉ። የሕዝቡን ድካም ሳያነሡ በቀጥታ ወደ ጀግንነት ጥሪ ይሄዳሉ፤ ቃሉ ትልቅ ይሆንና ልብ ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

ከዚያ ንግግሩ የሁለት ሰዎች ንግግር ይመስላል። ካሁን ቀደም የበደልኩህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምከኝም። ንጉሠ ነገሥት ሆነው የሚያነሡት የሥልጣናቸውን ትልቅነት ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን መተሳሰብ ነው። ጥያቄውም በአቅም ልክ ተከፋፈለ። ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ፤ ጉልበት የሌለህ ደግሞ ለልጅህ፣ ለሚስትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ። ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ ሁሉ የቀረበት ድሀ ሥራ አገኘ። ማንም ከጥሪው ውጭ አልቀረም፤ ማዘን እንኳ ተሳትፎ ሆነ። በመጨረሻ ፍርሃት ይመጣል። ወስልቶ የቀረ ይጣላኛል፣ አልተውህም፤ በማርያም ምለው ለዚህ አማላጅ የለኝም ይላሉ። ቀኑና ቦታውም ተነገረ፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ይክተት።

ምስጋና፣ ድፍረት፣ ቁጣ፣ ርኅራኄ፣ ፍቅር፣ ፍርሃት፤ ይህ ሁሉ በአንድ አጭር ጽሑፍ ውስጥ አለ። ቁጣው ብቻውን አልተተወም። የሚደረገው ነገር፣ ጊዜውና ቦታው በግልጽ ስለተወሰነ የተቀሰቀሰው ስሜት መሄጃ ነበረው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት እኩሌታም ሰው ስንቁን ለማዘጋጀት፣ ከቤተሰቡ ለመማከር ጊዜ አገኘ።

አዋጁን ስናደንቅ ሁለት ነገር መሸሸግ የለብንም። በአዋጁ መክፈቻ ላይ ያለው «አገር አስፍቶ» የሚለው ሐረግ ለአንዱ ኩራት ሲሆን፣ በዚያው ዘመን በጦር ኃይል ወደ ግዛቱ ለተጨመሩት የደቡብ ሕዝቦች የቁስል ትዝታ ነው። አንድ ቃል በሁለት ሰዎች ልብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስሜት የሚያነሣው የሁለቱ ታሪክ ስለሚለያይ ነው። ሁለተኛው፣ ከድሉ በኋላ የተማረኩት ጣልያኖች በአብዛኛው በደህና ተይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከጣልያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩት የኤርትራ ወታደሮች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ቁጣው በባዕዱ ላይ ከሆነው ይልቅ ከዳኝ በተባለው ወገን ላይ ጨከነ። አርስቶትልም ሰው ከማያውቀው ይልቅ በወዳጁ ላይ ይበልጥ ይቆጣል ብሎ ነበር። ቁጣን የሚቀሰቅስ መሪ ይህን ማስታወስ አለበት፤ ጠላት ሲጠፋ ወይም ሩቅ ሲሆን የተቀሰቀሰው ቁጣ ወደ ቅርብ ሰው ይዞራል።

ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ስሜት

ስሜት ከመሪ ወደ ተከታይ ብቻ ይፈስሳል ብለን እንዳናስብ ፉከራን እንመልከት። ፎካሪው ከሰልፉ ተፈትልኮ ይወጣል። ጦሩን ወይም ጠመንጃውን እየሰበቀ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ «ዘራፍ!» ይላል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይዘረዝራል። ጌታው ይሰሙታል፣ ጓደኞቹ ያያሉ፣ አዝማሪው ቃሉን ይቀበለዋል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ፉከራው ሲያልቅ ሰውየው በሕዝብ ፊት ተይዟል። ነገ ቢሸሽ ወደ ቤቱ እንዴት ይመለሳል? ፍርሃቱ አልጠፋም፤ የሚያይለው እፍረት ከላዩ ተጨመረበት እንጂ።

በዘመናችን በስብሰባ አዳራሽ ተነሥተው መፈክር የሚያሰሙ፣ በአደባባይ ቃል የሚገቡ ደጋፊዎች የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰው በሌሎች ፊት ጮኾ የተናገረውን ነገር በኋላ ማመን ይጀምራል፤ ካላመነም መካድ ያሳፍረዋል። አጠገቡ ያለው ሲጮኽ ያያል፣ እሱም ይጮኻል፣ የእሱን ጩኸት ሌላው ይሰማል። መሪው ይህን ሲያይ ራሱ ይግላል፤ ከቤቱ ሲነሣ ያላሰበውን እስከ መናገር ይደርሳል። ስለዚህ የተከታይ ጭብጨባ ንጹሕ አይደለም። መሪውን ወዴት እንደምንገፋው የሚወስነው የምናጨበጭብለት ዓረፍተ ነገር ነው።

አብዮት አደባባይ፣ ሚያዝያ 1969

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው በአብዮት አደባባይ ንግግር እያደረጉ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች አንሥተው ፈጠፈጧቸው። የፀረ አብዮተኞች ደም እንዲህ ይፈስሳል ማለታቸው ነበር። አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ጠርሙስ ሲሰብር መረጃ አይሰጥም። ኢሕአፓ ምን አደረገ፣ ማን በምን ማስረጃ ተከሰሰ፣ የትኛው ፍርድ ቤት ፈረደ የሚለውን አይመልስም። የሚያስተላልፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደም መፍሰስን ዓይን ለምዶት፣ ጆሮ የመስታወቱን ስብርባሪ ሰምቶት፣ ሕዝቡ እየጮኸ ተቀብሎት እንዲሄድ ያደርጋል።

በዚያው ወር የእናት አገር ጥሪ ታውጆ ነበር። በጥሪው መሠረት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠኑ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሶማሊያ ጦር ሲገባ ብዙዎቹ በምሥራቅና በሰሜን ግንባር ወደቁ። የእናት አገር ጥሪው እንደ ምኒልክ አዋጅ የአገር ፍቅርን ያነሣ ነበር፤ አደጋውም የእውነት ነበር። ጠርሙሱ ግን ወደ ከተማው፣ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ጎረቤት ልጅ አመለከተ። አንድ መንግሥት በአንድ ወር ውስጥ አንዱን ስሜት ለሁለት ዓላማ ሊጠቀምበት እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ሕዝቡ ለእናት አገር የተሰማው ፍቅር እውነተኛ ስለነበር፣ በዚያው ፍቅር ስም የተጠየቀውን ሌላ ነገርም መለየት ከበደው።

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። ቀይ ሽብር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ወጣቶች፣ ቀጠፈ። ሬሳ በየመንገዱ ላይ ይጣል ነበር፤ ያለ ፍርድ መግደሉ «ነፃ እርምጃ» ይባል ነበር። ከሁሉም ይልቅ ስለ ስሜትና ሥልጣን የሚያስተምረው ግን ከግድያው በኋላ የሆነው ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ለቅሶ መቀመጥ፣ ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ ወንጀል ሆነ። ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ያጥናሽ» ማለት አልቻለም፤ ቢል እሱም ይጠረጠራል። እናት እንባዋን ውጣ ወደ ገበያ ወጣች።

ለምን ተከለከለ? ሐዘን ለአገዛዙ የሚያሰጋ ስሜት ስለነበረ ነው። የሞተው ልጅ «አናርኪስት»፣ «ፀረ ሕዝብ» ተብሎ ከሰው ተራ ወጥቷል። እናቱ ካለቀሰችለት፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ካለቀሰለት፣ እንደገና ሰው ይሆናል። ስሙ ይነሣል፣ በልጅነቱ ምን ይወድ እንደነበር ይወራል። የጥላቻ ንግግር ያን ሁሉ ወር የገነባው ነገር አንድ ድንኳን ሥር ይፈርሳል። ምኒልክ አቅም የሌለውን «በሐዘን እርዳኝ» ብለው ወደ ጥሪያቸው ሲያስገቡት፣ ደርግ ሐዘኑን እንደ ጠላት አሳደደው። ሁለቱም ጠንካራ ስሜት ቀስቅሰዋል፤ ሁለቱም አስፈራርተዋል። አንዱ ግን ሰው የሚሰማውን ሁሉ ይዞ እንዲመጣ ጠራው፤ ሌላው የተወሰነውን ብቻ እንዲሰማው ፈቀደለት። ዛሬ መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በፎቶግራፍ የተሸፈነው፣ ያን ጊዜ ያልተለቀሰላቸው ፊቶች እንዲታዩ ነው።

ከቁጣ የሚከፋው

ፍርሃትና ቁጣ ወንድማማች ይመስሉናል እንጂ በአእምሮ ላይ የሚሠሩት ሥራ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ከደረሰው የኒውዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት በኋላ ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያንን በቡድን ከፍለው አጠኑ። አንዱ ክፍል ስለ ጥቃቱ ሲያስብ ፍርሃት እንዲሰማው፣ ሌላው ቁጣ እንዲሰማው ተደረገ። የፈሩት አደጋው ገና እንዳለና ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አዩ። የተቆጡት ግን ወደፊት የሚመጣውን አደጋ አሳንሰው ገመቱት፤ ጠንካራ እርምጃም መረጡ። የጦርነት ቅስቀሳ ሕዝቡን በፍርሃት ጀምሮ በቁጣ የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው። የፈራ ሰው ይጠይቃል፤ የተቆጣ ሰው እርግጠኛ ነው።

ከሁለቱም የሚከፋ ሦስተኛ አለ፤ መጸየፍ። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1993 ጀምሮ ይሰማ የነበረው ኤርቴኤልኤም የተባለ ሬዲዮ ተወዳጅ ሙዚቃና ቀልድ ያሰማ ነበር፤ ወጣቱ ይወደው ነበር። በመካከል ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ይጠራል። በሚያዝያ 1994 ግድያው ሲጀመር ደግሞ የሰዎችን ስምና መደበቂያ እየጠራ ገዳዮችን ይመራ ጀመር። በመቶ ቀናት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከሬዲዮው መሥራቾች ሁለቱን ጥፋተኛ ብሏል። የተቆጣ ሰው ተበቅሎ ሊበርድለት፣ ይቅርታ ተጠይቆ ሊመለስ ይችላል። የተጸየፈ ሰው ግን በደል የሚሠራ አይመስለውም፤ የሚያጸዳ ይመስለዋል። ስለዚህ ነው ሰውን በነፍሳት፣ በአረም፣ በነቀርሳ የሚመስል ንግግር ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ዝም ብሎ መታለፍ የሌለበት። በቅርብ ዓመታት በአገራችን በነበረው ጦርነት እንዲህ ያሉ ቃላት ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አልተሰሙም።

ስሜትን ያበረዱ መሪዎች

የመሪ የስሜት ችሎታ በማቀጣጠል ብቻ አይለካም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን ሲይዙ በአሜሪካ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ ባንኮች ወድቀው ነበር። ሕዝቡ ገንዘቡን እያወጣ በቤቱ ይደብቃል፤ ባወጣ ቁጥር የቀሩት ባንኮች ይናጋሉ። ፕሬዚዳንቱ ባንኮችን ሁሉ ዘጉና መጋቢት 12 እሑድ ማታ በሬዲዮ ቀረቡ። ስድሳ ሚሊዮን ሰው እንዳዳመጣቸው ይገመታል።

ሩዝቬልት «አትፍሩ» ብለው አላለፉም። ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ባንክ እንዴት እንደሚሠራ አስረዱ። ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ አይቀመጥም፤ ባንኩ በብድር ሥራ ላይ ያውለዋል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ልውሰድ ካለ ጤነኛ ባንክም ሊከፍል አይችልም። መንግሥት ባንኮቹን እየመረመረ እንደሚከፍት፣ ሁሉም በአንድ ቀን እንደማይከፈቱ፣ አንዳንዶቹም ላይከፈቱ እንደሚችሉ ሳይደብቁ ተናገሩ። እንደገና በተከፈተ ባንክ ገንዘብ ማስቀመጥ ፍራሽ ሥር ከማስቀመጥ የተሻለ ዋስትና አለው አሉ። በማግሥቱ ባንኮች ሲከፈቱ ሰዎች ተሰለፉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ገንዘብ ሊያስገቡ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተደበቀው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተመለሰ። ፍርሃቱን ያቀለለው ሰውየው ድምፃቸው የረጋ መሆኑ ብቻ አልነበረም። የተናገሩት ነገር በቀጣዮቹ ቀናት በየከተማው ሊረጋገጥ የሚችል ነበር። የሚያረጋጋ ቃል ከኋላው እውነት ከሌለው ለአንድ ሌሊት ብቻ ያስተኛል።

ሌላው በዚያ ጊዜ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሮበርት ኬኔዲ ናቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ማታ ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደላቸውን ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ፣ አብዛኛው ጥቁር ለሆነ ሕዝብ፣ ክፍት የጭነት መኪና ላይ ቆመው ያረዱት እሳቸው ነበሩ። ከተሰበሰበው ብዙው ገና አልሰማም። በመጀመሪያ የያዛችሁትን የምርጫ ሰሌዳ ዝቅ አድርጉ አሉ፤ ከዚያ መርዶውን ተናገሩ። ልባችሁ በጥላቻና በበቀል ፍላጎት ሊሞላ ይችላል አሉ እንጂ ቁጣው አይገባችሁም አላሉም። የእኔም ቤተሰብ አባል ተገድሎብኛል፤ የገደለውም ነጭ ነው ሲሉ፣ ስለ ወንድማቸው ስለ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሞት በአደባባይ ሲናገሩ እምብዛም ተሰምቶ አያውቅም ነበር። ወደ ቤታችሁ ሂዱና ጸልዩ ብለው ጨረሱ። በዚያ ሳምንት ከመቶ በሚበልጡ የአሜሪካ ከተሞች ብጥብጥ ተነሣ፤ ኢንዲያናፖሊስ ጸጥ አለች። ከጸጥታው በስተጀርባ የከተማው የጥቁር ማኅበረሰብ መሪዎችም ሥራ ነበረበት። ያም ሆኖ ቁጣ ወደ ሐዘን ሊመለስ እንደሚችል ያን ማታ ታየ፤ ተናጋሪው ሐዘኑን ከአድማጩ ጋር መካፈል ነበረባቸው።

በስልካችን ላይ

ዛሬ ነጋሪቱም፣ አደባባዩም፣ ሬዲዮውም በአንድ ስልክ ውስጥ ናቸው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ያለው ወገናችን የአገር ቤቱን ቪዲዮ የሚያየው ከአዲስ አበባው ሰው ጋር በአንድ ደቂቃ ነው። ልዩነቱ፣ ሩቅ ያለው ሰው ቁጣውን ያገኛል እንጂ በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ የሆነውን በዓይኑ አያይም፤ የጠላት ወገን የተባለው ጎረቤቱ ቡና ሲጠጣ አያገኘውም። በላዩ ላይ ደግሞ «እኔ በሰላም እየኖርኩ ወገኔ ይሞታል» የሚል ሸክም አለበት። ይህ ሸክም የፍቅር ምልክት ነው፤ ክቡርም ነው። ገንዘብና ድምፅ የሚፈልግ መሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካውም ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰን የተጠየቅነው ነገር ምን እንደሆነ፣ ገንዘቡ የት እንደሚደርስ፣ ጠሪው ራሱ ምን እንደሚከፍል መጠየቅ ወገንን መክዳት አይደለም። ምኒልክ ማንንም ከመጥራታቸው በፊት ስለ ራሳቸው ሞት ተናግረው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከአምስት መቶ ሺህ በላይ የትዊተር መልእክቶችን መርምሮ ነበር፤ አከራካሪ በሆኑ የአሜሪካ ፖለቲካ ጉዳዮች ላይ የተጻፉ ናቸው። ስሜትን ከመልካምና ከክፉ ፍርድ ጋር ያጣመረ እያንዳንዱ ቃል መልእክቱ የመሰራጨት ዕድሉን በሃያ በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሥርጭቱ ግን በአብዛኛው በራስ ወገን ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ተቃራኒው ወገን እምብዛም አይሻገርም። ጠላትን እየረገመ የሚጮኸው መሪ ጠላቱን እያናገረ አይደለም ማለት ነው። የሚያናግረው እኛን ነው፤ የሚለውጠውም እኛን ነው። መልእክቱ የወገንን ሙታን ብቻ ቆጥሮ የሌላውን ጨርሶ ከዘለለ፣ ለእነዚያ ያለቀሰውንም ሰው ከሃዲ ካለ፣ እንደ ሚያዝያ 1969 ሁሉ የምናለቅስለትን ሰው ሊመርጥልን የተነሣ አለ ማለት ነው።